በዝንብ ዓሣ ማጥመድና የወንዙ ወቅቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰው ሠራሽ ዝንብ ከወንዝ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ለማጥመድ የሚወጡ ሰዎች በየወቅቱ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

በዝንብ ማጥመድ ከተለመደው አጠማመድ በምን ይለያል? ወቅትስ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

በተለመደው አጠማመድ መንጠቆውን ወደ ሩቅ የሚወስደው አብሮ የታሰረው የእርሳስ ክብደት ነው። እዚህ ግን ከላባና ከክር የተሠራችው ዝንብ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። የሚወረወረው ወፈር ያለው የማጥመጃ ገመድ ራሱ ነው፤ ዝንቧ ተከትላው ትሄዳለች። ዓሣው የሚታለለውም በትል ጣዕም ሳይሆን ዘወትር የሚበላውን ነፍሳት የሚመስል ነገር በማየቱ ነው።

ወቅት የሚወራለት ለዚህ ነው። የትራውት ሰውነት ከውሃው ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል፣ አብሮ ይሞቃል። ውሃው ሲቀዘቅዝ መንቀሳቀሱም ምግብ መፍጨቱም ይዘገያል። የሚበላቸው ነፍሳትም እያንዳንዳቸው የመውጫ ጊዜ አላቸው። ያው ዓሣ፣ ያው አለት ሥር እንደተቀመጠ፣ በሁለት ወር ውስጥ ጠባዩ ተለውጦ ታገኙታላችሁ።

ለጀማሪ የትኛው ወቅት ይሻላል?

ከጸደይ ማብቂያ እስከ ሙቀት ወራት መጀመሪያ ያለው ጊዜ። የበረዶው ውሃ አልፎ ወንዙ ጠርቷል፣ ሞቅ ብሏል ግን አልጋለም፣ ነፍሳት ከረፋድ እስከ ምሽት ይወጣሉ። ዓሣውም ከብርድ ወራት ከስቶ ስለወጣ ብዙ አይመርጥም። ጀማሪ ይሳሳታል፤ በዚህ ጊዜ ዓሣው ስህተቱን ያልፍለታል። ሁለተኛ ምርጫዬ ቅጠል መርገፍ የሚጀምርበት ወቅት ነው፤ ያኔ ወንዙ ዳር ሰውም ይቀንሳል።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ክረምት» የሚለውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ለአማርኛ ጆሮ ክረምት ዝናብና ሙላት ነው፤ ብዙዎቹ የትራውት ወንዞች ባሉበት አገር ግን በዚያ ስም የሚጠራው ወቅት በረዶና ውርጭ ነው። ስለዚህ ጸደይ፣ የሙቀት ወራት፣ የቅጠል መርገፊያና የብርድ ወራት እያልኩ እሄዳለሁ።

ወንዝ ለአጥማጅ የሚከፈተውና የሚዘጋው መቼ ነው?

እንደየአገሩ፣ እንዲያውም እንደየወንዙ ይለያያል። ብዙ ቦታ ዓሣው እንቁላል በሚጥልበት ጊዜ ወንዙ ይዘጋል። የደቡብ ንፍቀ ክበብ ወቅቱ የተገለበጠ ነው፦ በኒው ዚላንድ አብዛኞቹ ቆላማ ወንዞች የሚከፈቱት ኦክቶበር 1 ቀን ነው፤ ያ ለእነርሱ ጸደይ ነው። በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ደግሞ ወቅቱ የሚጀምረው በሜይ መጨረሻ አካባቢ ነው። ፈቃድ ስታወጡ የዚያን ዓመት ደንብ ውሰዱና አንብቡ፤ ካምናው የተለወጠ ነገር አይጠፋም።

የውሃው ሙቀት ስንት ሲሆን ነው ዓሣው የሚበላው?

ለትራውት ጥሩው መጠን በግምት ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ4 በታች ሲሆን ይበላል፣ ነገር ግን አፉ ድረስ ካልመጣለት አይነሣም። ከ18 በላይ መጨነቅ ይጀምራል፤ 20 ሲደርስ ዘንጉን አጣጥፎ መሄድ ነው።

ቴርሞሜትር ከዝንብ ሳጥን ይልቅ ይጠቅማል የምለው ቀልድ አይደለም። የእኔ በግማሽ ሜትር ሲባጎ የታሰረ፣ በኪስ የሚያዝ ነው። ከዳር ያለውን የተኛ ውሃ አትለኩ፤ እሱ ፀሐይ የበላው ነው። ጥላ ያለበት፣ የሚፈስ ውሃ ውስጥ ክታችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና መስታወቱ ከውሃው ሳይወጣ አንብቡት። ከዚያ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድገሙት።

ድጋሚው ለምን? ከቁጥሩ ይልቅ አቅጣጫው ስለሚናገር ነው። ጠዋት 7 የነበረ ውሃ እኩለ ቀን ላይ 9 ከገባ ዓሣው ይነቃል። ትናንት 13 የነበረ ውሃ በሌሊት ውርጭ ወደ 9 ከወረደ ግን ያው 9 ዲግሪ የሞተ ቀን ይሆናል። እኔ ይህን ከመረዳቴ በፊት ስንት ማለዳ በከንቱ ተነሥቻለሁ! በጸደይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወንዝ ውስጥ ቆሜ ጣቴ ደንዝዞ፣ ዓሣው ሊበላ ሲነሣ እኔ ደክሞኝ ወደ ቤት። ማለዳ የሚጠቅመው በሙቀት ወራት ነው። በጸደይና በብርድ ወራት ተኝታችሁ እደሩ።

የአየር ትንበያ የውሃን ሙቀት አይተካም። ቀኑ የቱንም ያህል ቢሞቅ፣ ሌሊቱ በረዶ ከጣለ ወንዙ የሚነሣው ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው። ትንበያ ስታዩ የሌሊቱን ዝቅተኛ ቁጥር ቀድማችሁ ፈልጉ።

የፍሰት መለኪያ ቁጥሮችን እንዴት ላንብብ?

ፍሰት በአንድ ነጥብ ላይ በሰከንድ የሚያልፈው ውሃ መጠን ነው፤ በብዙ አገር በሜትር ኩብ፣ በአሜሪካ በጫማ ኩብ ይለካል። አንድ ሜትር ኩብ 35.3 ጫማ ኩብ ገደማ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይን የመሳሰሉ ተቋማት በየወንዙ የተከሉት መለኪያ የሚሰጠውን ቁጥር በየሰዓቱ ለሕዝብ ያወጣሉ።

ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም። 20 ሜትር ኩብ ለአንዱ ወንዝ ጥም ነው፣ ለሌላው ጎርፍ። ማነጻጸር ያለባችሁ በዚያው ወንዝ፣ በዚያው ሳምንት፣ በሌሎች ዓመታት ከታየው መካከለኛ መጠን ጋር ነው። ቀጥሎ ቁጥሮቹ በሚሳሉበት ግራፍ ላይ የመስመሩን አካሄድ ተመልከቱ። ሽቅብ የሚወጣ መስመር ቅጠልና ጭራሮ እየጠረገ የሚመጣ፣ የሚደፈርስ ውሃ ነው። ለሁለት ሦስት ቀን ቀስ እያለ የሚወርድ መስመር ካያችሁ ሥራ አስፈቅዳችሁ ሂዱ።

በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ ይሞላል፣ ይደፈርሳል። እስኪያልፍ ቤቴ ልቀመጥ?

የግድ አይደለም። መጀመሪያ የድፍርሱን ዓይነት ለዩ። ጉልበት ድረስ ገብታችሁ የጫማችሁ ጫፍ ጭላንጭል ከታያችሁ፣ ውሃውም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ፣ ዓሣ ይያዛል። ቡናማ ሆኖ ቁርጭምጭሚታችሁን እንኳ ከሸሸገ ዓሣው ዝንቧን ለማየት አፍንጫው ላይ መውደቅ አለባት፤ ያኔ ቡና መጠጣት ይሻላል።

ወንዝ ሲሞላ ሰው የሚስተው ዓሣው ያለበትን ቦታ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ግፊት የትኛውንም ዓሣ ያደክማል፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ ዳር ይጠጋል። ውሃ የዋጠው ሣር ሥር፣ ከአለት ጀርባ ያለ አዙሪት ውስጥ፣ ከዳር አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ትልልቆቹ ተኮልኩለው ታገኟቸዋላችሁ። ጀማሪ ግን ወንዙ ውስጥ ገብቶ ቆሞ፣ ዓሣው ካለበት ላይ ረግጦ፣ ወደ መሐል ይወረውራል። ከመግባታችሁ በፊት የምትቆሙበትን ቦታ አጥምዱት። ዝንቧ ትልቅና ጥቁር ትሁን፤ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ጥላዋ ነው የሚታየው። ገመዱን ከዝንቧ ጋር የሚያገናኘው ክርም ወፍራም ይሁን፣ ማንም አያየውም።

በረዶ የሚያቀልጠው የቀን ፀሐይ ነው፤ ያ ውሃ ግን ከተራራው ወርዶ እናንተ ጋ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። ብዙ ወንዞች ላይ ሙላቱ የሚበረታው በምሽት ወይም በሌሊት፣ የሚቀለውም በማግሥቱ ከቀትር በፊት ነው። ተራራው ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት ከባድ ውርጭ ከጣለ ደግሞ መቅለጡ ገታ ይልና ወንዙ ለአጭር ጊዜ ይጠራል። የወቅቱ ምርጥ ቀን አንዳንዴ እሷ ናት።

ስንት ድረስ ልግባ? የሞላ ወንዝ መቼ ነው አደገኛ የሚሆነው?

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ለአጥማጅ ይመስለኛል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እግራችሁ ላይ የሚያርፈው ግፊት በአራት ይባዛል። ትናንት በሙሉ ልብ የቆማችሁበት ጉልበት ድረስ የሚደርስ ውሃ ዛሬ ትንሽ ፈጠን ካለ ሊጥላችሁ ይችላል። ሲሞላ ከጉልበት በላይ አትግቡ። ውሃ የማያስገባ ሱሪያችሁን ወገቡ ላይ በቀበቶ ጥብቅ አድርጉት፣ በትር ያዙ፣ አንድ እግር ሳይደላደል ሌላውን አታንሡ። ከወደቃችሁ በጀርባ ተንሳፈፉና እግራችሁን ወደ ታችኛው ፍሰት አስቀድሙ፤ በጥልቅ ውሃ ውስጥ ለመቆም መታገል እግርን ከድንጋይ መሐል ያስይዛል።

ነፍሳት የሚወጡት መቼ መቼ ነው? የትኛውን ዝንብ ልያዝ?

አጥማጆች «ተፈለፈለ» ሲሉ እንቁላል ተሰበረ ማለታቸው አይደለም። ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ወንዙ ሥር የኖረው ነፍሳት ወደ ላይ ወጥቶ ቆዳውን ጥሎ ክንፍ አወጣ ማለታቸው ነው። ቀድሞ ያለው ሥር ያለ ሕይወቱ ኒምፍ ወይም እጭ ይባላል፤ ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘውም ከዚያ ነው።

ሚጅ የሚባሉት ትንኝ መሳዮች ዓመቱን ሙሉ አሉ፤ በብርድ ወራት ከእነርሱ ሌላ የሚወጣ ጥቂት ነው። ጸደይ ሲጀምርና ቅጠል ሲረግፍ ብሉ ዊንግድ ኦሊቭ የምትባለው ትንሽ ሜይፍላይ ትመጣለች፤ እሷ የምትወደው ሰው የሚጠላውን ቀን ነው፣ ደመናና ካፊያ። ሳልመንፍላይ የሚባለው የጣት ርዝመት ያለው ስቶንፍላይ ሦስት አራት ዓመት ድንጋይ ሥር ኖሮ፣ ውሃው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲጠጋ እየዳኸ ወደ ዳር ይወጣል። የታችኛው ወንዝ ቀድሞ ስለሚሞቅ መውጣቱ ከቀን ወደ ቀን ሽቅብ ይጓዛል፤ ተከትለውት የሚሄዱ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝ የኖራ ድንጋይ ወንዞች ትልቋ ሜይፍላይ የምትወጣው በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ነው። በሙቀት ወራት ምሽቱ ካዲስ የሚባለው ነፍሳት ተራ ነው። ሙቀቱ ሲገፋ የወንዙ የራሱ ነፍሳት ይቀንሱና ከዳር የሚወድቁት፣ ፌንጣ፣ ጉንዳን፣ ጢንዚዛ፣ ተራውን ይይዛሉ፤ ነፋስ ያለበት ቀትር ለፌንጣ ነው።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። የሚንሿሿ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አንሡና ገልብጡት። ጠፍጠፍ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ላባ የመሰለ የመተንፈሻ አካል የሚርገበገብ፣ ሦስት ጭራ ያለው ከሆነ ሜይፍላይ ነው። ሁለት ጭራና ጠንካራ ጥፍር ያለው ስቶንፍላይ ነው። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የተሠራ የጣት ጥፍር የሚያህል ቱቦ ካያችሁ ካዲስ ውስጡ አለ። ከዚያ የሜይፍላዩን ትከሻ ተመልከቱ፤ ክንፉ የሚወጣበት እብጠት ጥቁር ከሆነ ለመውጣት ቀኑ ደርሷል። ያንን መጠንና ያንን ቀለም ከሳጥናችሁ ፈልጉ። ድንጋዩን በነበረበት መልሱት።

ዓሣው ዙሪያዬን እየበላ የእኔን ዝንብ የማይነካው ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከላይ የሚበላ ስለሚመስላችሁ ነው። አነሣሡን እዩ። አፍንጫው ወጥቶ ውሃው ላይ አረፋ ከቀረ፣ ክንፍ ያለውን ነፍሳት ከላይ ወስዷል፤ ደረቅ ዝንብ፣ ማለትም ውሃው ላይ የምትንሳፈፈው፣ ይሠራል። ጀርባውና ክንፉ ብቻ ብቅ ብለው ውሃው ካበጠ፣ አረፋም ከሌለ፣ የሚበላው ከላይኛው ገጽ በታች ገና ቆዳውን ሊጥል የሚታገለውን ነው። ግማሽ አካሏ የምትሰምጥ ዝንብ እሰሩ።

ሁለተኛው ምክንያት መጎተት ነው። ገመዱ የወደቀበት ፍሰት ዝንቧ ከወደቀችበት ከፈጠነ ዝንቧን ይጎትታታል፤ እውነተኛ ነፍሳት ደግሞ ከጎን ወደ ጎን አይሮጥም። ከእኛ ዓይን የሚሰወር የሁለት ጣት ጉተታ ለዓሣው በቂ ነው። ገመዱ ውሃ ላይ እንዳረፈ መሐሉን ወደ ላይኛው ፍሰት ገልብጡት። ካልሆነ ቦታችሁን ቀይሩ፤ አንድ እርምጃ የማያልቅ የሚመስለውን ችግር ይፈታል።

ሙቀቱ ሲበረታ ማጥመድ ዓሣውን ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፦ በ10 ዲግሪ በሊትር እስከ 11.3 ሚሊግራም የሚይዘው ውሃ በ20 ዲግሪ 9.1 አካባቢ ነው የሚይዘው። ችግሩ የሚብሰው ሙቀቱ የዓሣውን የኦክስጅን ፍላጎት በዚያው ሰዓት ስለሚጨምር ነው። ታግሎ የተያዘ ዓሣ፣ ለቅቃችሁት ዋኝቶ ቢሄድም፣ ከዓይናችሁ ርቆ ሊሞት ይችላል።

በአሜሪካ ሞንታና ለዚህ የወጣ ደንብ አለ፤ የወንዙ ከፍተኛ ሙቀት ሦስት ቀን በተከታታይ 73 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም ወደ 23 ሴንቲግሬድ፣ ከደረሰ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ሊከለከል ይችላል። «ሁት አውል» ይሉታል፣ ጯሂዋ ጉጉት ወፍ ማለት ነው። ስሙ የመጣው በደረቁ ወራት የእሳት አደጋ ፈርተው ጉጉት ሳይተኛ ሥራ ከሚጀምሩ እንጨት ቆራጮች ነው።

እኔ 23ን አልጠብቅም፤ ቴርሞሜትሩ 19 ሲል ማሸግ እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት ባለው ማለዳ ደግሞ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ ሹል የሌለው መንጠቆ እጠቀማለሁ፣ ዓሣውን ቶሎ አወጣለሁ፣ እጄን አርጥቤ ከውሃው ሳላነሣ እፈታዋለሁ። ፎቶ ይቅር። የግድ ማጥመድ ካማራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ከፍ ያሉ ገባሮችና ምንጭ የሚመግባቸው ወንዞች ቀዝቃዛ ናቸው። ምሽት ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ውሃው ገና የቀኑን ሙቀት እንደያዘ አትርሱ።

ወንዙ አንሶ እንደ መስታወት ጠርቷል፤ ምን ልለውጥ?

አቀራረባችሁን። ከወገብ ጎንበስ በሉ፣ ጥላችሁ ውሃው ላይ አይውደቅ፣ ከጀርባው ማለትም ከታችኛው ፍሰት ቅረቡ። ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው ያለውን ብዙም አያይም።

ክሩም ይቅጠን። የክር ጫፍ ውፍረት በኤክስ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ክሩ ይቀጥናል። ስሌቱን ለማወቅ ከ11 ላይ ቁጥሩን ቀንሱ፤ የሚቀረው ውፍረቱ በኢንች ሺኛ ነው። ባለ 5 ኤክስ ክር ስድስት ሺኛ ኢንች፣ ወደ 0.15 ሚሊሜትር ነው። በሙላት 2 ወይም 3 ኤክስ የነበረው በጠራ ውሃ 5 ወይም 6 ይሆናል። ከዚያ በላይ ማቅጠን ግን ዓሣውን በትግል ማድከም ነው፤ በሙቅ ውሃ ይህ ምን እንደሚያስከትል ከላይ ብለናል።

ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ዓሣው ኃይለኛ ይሆናል ይባላል። ያኔ ማጥመድ ነውር ነው?

ብራውን ትራውትና ብሩክ ትራውት እንቁላል የሚጥሉት በዚህ ወቅት ነው፤ ሬይንቦ ባመዛኙ በጸደይ። ብራውኑ ከመጣሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ቦታውን ለመከላከል ቁጡ ይሆናል፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ስትሪመር ሲያልፍበት ይነክሳል። ያ ጊዜ ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ ያጓጓል፣ እኔንም ጨምሮ።

እንቁላል መጣል ከተጀመረ በኋላ ግን ያለው ዓሣ መተው ያለበት ነው። ጥልቀት የሌለው ጠጠር ላይ፣ ዙሪያው ጠቆር ብሎ መሐሉ ታጥቦ የነጣ እንቅብ የመሰለ ክብ ካያችሁ ያ ጎጆ ነው። ሁለት ዓሣ ከላዩ ቢቆሙ አትወርውሩ። ዓሣው ከሄደም በኋላ አትርገጡት፤ እንቁላሎቹ ጠጠሩ ውስጥ የብርዱን ወራት አልፈው ነው በጸደይ የሚወጡት፣ የአንድ ሰው ጫማ ደግሞ ብዙውን ሊፈጭ ይችላል። በነዚያ ወራት ወንዝ ስትሻገሩ በጥልቁ ወይም በትልልቅ ድንጋይ ላይ ተሻገሩ።

በብርድ ወራት ዓሣ ይያዛል?

ይያዛል፣ ግን ጥቂት። ዓሣው ጉልበቱን ለመቆጠብ ዝግ ያለ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ተሰብስቦ ይቆማል፤ አንዱ የተያዘበት ቦታ ሌላም ይኖረዋል። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃል። ትንሽ ኒምፍ ወይም ሚጅ ከወለሉ በአንድ ስንዝር ከፍታ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ አድርጉ፤ ንክሻው ክሩ ለአፍታ መቆሙ ብቻ ነው።

በጠራ ሌሊት ከባድ ውርጭ ከጣለ ወንዙ ወለል ላይ በረዶ ይጣበቃል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው እየተነቀለ ይንሳፈፋል። ያ እስኪያልፍ መወርወር በረዶ ማጥመድ ነው። የዘንጉ ቀለበቶች በበረዶ ሲደፈኑ በግድ አትሳቡ፤ ዘንጉን ውሃው ውስጥ ክተቱት፣ ይቀልጣል።

ከግድብ በታች ያለ ወንዝ ለምን በወቅት አይገዛም?

ብዙ ትልልቅ ግድቦች ውሃ የሚለቁት ከሐይቁ ጥልቀት ነው። ውሃ በጣም የሚከብደው በ4 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቀዝቃዛው ከሥር ይተኛል። በሙቀት ወራት ጎረቤት ወንዞች ሲግሉ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ በብርድ ወራት ደግሞ በረዶ አይሠራም። አንዳንዴ ቅዝቃዜው ከልክ ያልፋል፤ በአሜሪካ ግሪን ወንዝ ላይ የተሠራው የፍሌሚንግ ጎርጅ ግድብ የሚለቀው ውሃ ሲበዛ ቀዝቃዛ ስለነበረ እ.ኤ.አ. በ1978 ከተለያየ ከፍታ የሚቀዳ መሣሪያ ተገጥሞለታል።

ስለዚህ እዚያ ወቅቱን የሚያዝዘው የመልቀቂያው መርሐ ግብር ነው። ኤሌክትሪክ ሲፈለግ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል። መርሐ ግብሩን ቀድማችሁ እዩ፤ እግራችሁ አጠገብ ያለ አንድ ደረቅ ድንጋይም ምልክት አድርጉ። ድንጋዩ ከረጠበ ጥያቄ የለም፣ ውጡ።

የአየር ግፊትና ጨረቃ ዓሣውን ይለውጡታል?

ስለ ግፊት እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፣ ምክንያቴም ስሌት ነው። አንድ ሳንቲሜትር የውሃ ጥልቀት ወደ አንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) የሚጠጋ ግፊት አለው። ከባድ ማዕበል ባሮሜትሩን በ20 ቢያወርደው፣ ያ ዓሣው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ሲል ከሚሰማው አይበልጥም። ማዕበል ሲመጣ ዓሣ ከበላ፣ ደመናው ስለጋረደውና ብሉ ዊንግድ ኦሊቭ ስለወጣች ብሎ ማሰብ ይቀላል። ጨረቃ ሙሉ ሆና ስታድር ትልልቅ ብራውኖች ሌሊቱን በልተው ጠዋት ይተኛሉ የሚሉ አሉ፤ እኔ በጨረቃ ቀን ቆጥሬ ወጥቼ አላውቅም።

ሙቀቱ ልክ፣ ውሃው ልክ፣ ነፍሳቱም ልክ፤ ዓሣ ግን የለም። አሁንስ?

መጀመሪያ ዝንብ አትቀይሩ። ሁሉም ሰው የሚያደርገው እሱን ነው፤ ሳጥኑ ያልቃል፣ ቀኑም። ከዝንቡ በፊት ጥልቀቱን ቀይሩ። ኒምፋችሁ በአሥር ውርወራ አንዴ እንኳ ወለሉን ካልነካ ከዓሣው ራስ በላይ እያለፈ ነው፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል እርሳስ ጨምሩ። ከዚያ ጉተታውን አጣሩ። ከዚያ ቦታውን። መጨረሻ ዝንቡን።

እነዚህን ሁሉ ከሠራችሁ በኋላ ከእናንተ በፊት ማን እንዳለፈ ዳሩን አንብቡ። እርጥብ የጫማ ዱካ ካለ ዓሣው አንዴ ደንግጧል፤ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ ጠብቁ። አንድ ቀን እንዲሁ ተናድጄ ዘንጌን ድንጋይ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔ የተተከለው እኔው ራሴ ከንጋት ጀምሮ ስረግጠው በነበረው፣ ቁርጭምጭሚት በማያልፍ ውሃ ላይ ነበር። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ እዚያው ዱካዬ ላይ አንድ አፍንጫ ብቅ አለ፤ አረፋም ቀረ።